የደረጃው አበባ

ውሃው ደህና ነው፣ የኔ ልጅ። ትንሽ ብታሞቂው ግን አልጠላም። እጅሽ እንዴት ለስላሳ ነው… ባለፈው አንቺ ሳትኖሪ ያጠበችኝ ልጅ ጭንቅላቴን እንደ ምንጣፍ ነበር የፈተገችው። አይ፣ ክፉ ሆና አይደለም፤ ጉልበት አላት። ይሄ አንገት ላይ ይቆረቁረኝ የነበረው ቦታ ደግሞ ፎጣ ተደረገበት? ጎሽ። ለሰው አንገት የሚያስብ ሰው አይጥፋ።

ነገ እኮ ነው እንግዲህ። የልጅ ልጄ ልትሄድ ነው። በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ ከተማ ሥራ አግኝታ… ገና ትናንት እኮ ነው ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ የምታደርገው። ነገ ለምሳ ቤተሰቡ በሙሉ ይሰበሰብላታል፤ ለዚያ ነው እኔና የወንድሜ ሚስት ተያይዘን የመጣነው። እሷማ ቀድማኝ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ገባች። ያ ሁሉ የጸጉር መጠቅለያ ቢጎዲን ተደርድሮባት ስታያት ዘውድ የጫነች አትመስልም? ያምርባታል። ከድሮም ራሷ ላይ የሚጫን ነገር ሁሉ ያምርባታል።

ካስኩ ሲጮህ ውጪ የሚወራው አይሰማም አይደል? አይሰማም። መጽሔትም ይዛለች። እንዲያውም ገጹን ከገለጠችው ቆይታለች… ጥሩ ነገር አግኝታ ይሆናላ። እኛ ዝም ብለን እንጫወት።

ያ መስኮቱ ጋ ያለው፣ ጥጥ የምታስቀምጪበት ብርጭቆ፣ አፉ ሰፊ፣ ክዳኑም መስታወት… ከየት አገኘሽው? እንደዚህ ያለ ዕቃ ባየሁ ቁጥር አንድ ቤተሰብ ትዝ ይለኛል። የኛን ማለቴ አይደለም፤ ሌላ ቤተሰብ ነው። እዚያም ቤት የወንድም ሚስት አለች እንጂ… የወንድም ሚስት የሌለችበት ቤት የት አለ ብለሽ ነው?

ሁለት እህትማማቾችና አንድ ወንድም ናቸው። ታላቋ እህት አላገባችም። ሰው ሲጠይቃት ባሌ መስኮቱ ላይ ነው ትል ነበር። መስኮቱ ላይ ያለው ጠርሙስ ነው፤ እንዳንቺ ያለ፣ ግን የሰው ጭንቅላት የሚያክል። ከታች ጠጠር ትደረድርበታለች፣ ከዚያ የደቀቀ ከሰል፣ ከዚያ ቀለል ያለ አፈር፣ ከላይ ደግሞ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ያንን አረንጓዴ ለስላሳ ነገር ታነጥፍበታለች። መሐሉ ላይ አበባዋ። አበባ ስልሽ ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስልሽ። ተክሏ በሙሉ መዳፍሽ ላይ ቁጭ ትላለች። ቅጠሏ ጸጉራም ነው፣ የአይጥ ጆሮ የመሰለ። የምታወጣው አበባ የሸሚዝ ቁልፍ ታክላለች፤ ነጭ ሆና ጠርዟን ብቻ ወይን ጠጅ ውስጥ ነከር አድርገው ያወጧት ትመስላለች።

እሷን ማሳደግ ትዕግሥት ነው፣ የኔ ልጅ። ውሃ የምትሰጣት በመድኃኒት መንጠቢያ፣ የረገፈውን የምትለቅመው በወረንጦ። መስታወቱን ላብ ሲያልበው ክዳኑን ጣት በሚያስገባ ያህል ትከፍታለች፤ ላቡ ሲደርቅ ትዘጋለች። ቀጥታ ፀሐይ አታሳያትም፤ ፀሐይ መስታወት ውስጥ ከገባች ቀቅላ ነው የምትገድላት። ትንሽ ሆና እንድትቀር ደግሞ በየወሩ ከታች ያሉትን ቅጠሎች መቀነስ አለ። ያው እንደናንተ ሙያ ነው፤ ጫፉ ካልተነካ ቅርጹ ይጠፋ የለ?

ታላቋ ታዲያ የምትቀንሰውን ቅጠል አትጥለውም። ዘንጓን እርጥብ አፈር ውስጥ ሰካ ታደርግና የማርማላታ ጠርሙስ ትደፋባታለች። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ዝም… ከዚያ አንድ ቀን ከሥሯ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች ብቅ ይላሉ። የምትተክለው ደግሞ ለራሷ አልነበረም። ከዚያ ቤተሰብ አንዲት ሴት ልጅ ከቤት ስትወጣ፣ ለትዳርም ይሁን ለሥራ ወይ ለትምህርት፣ አንዷን በጠርሙስ አድርጋ ታስይዛታለች። በትልቁ ጠርሙስ አንገት ላይ ቀይ ክር ነበራት። አንዲት ልጅ በወጣች ቁጥር አንድ ቋጠሮ። መጻፍ አትችልም ነበር፤ ክሩ ደብተሯ ነው። አሥራ አንድ ቋጠሮ ደርሶ ነበር።

ልጆቹማ ልጆች ናቸው። አንዷ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ታበስላታለች፣ ሌላዋ ውሃ አብዝታ ታሰጥማታለች። ሲሞትባቸው አንገታቸውን ደፍተው ይመጣሉ፤ ታላቋም ሳትቆጣ ሌላ ቅጠል ትሰጣቸዋለች። እናቲቱ ተክል አለቻ፣ ምን ቸገራት?

ኋላ ታላቋ ታመመች። አይ፣ አትዘኚ፣ ይሄ የሌላ ቤተሰብ ነው አልኩሽ እኮ… ሻምፖው ዓይኔ ገብቶ ነው። አልጋ ላይ ወደቀች። ሰው ሁሉ አልጋዋ ዳር ተኮለኮለ። አንዱ እግሯን ያሻል፣ አንዱ ሾርባ ይዞ ይለምናታል። የወንድሟ ሚስት ብቻ ናት አስተዋይ ሆና አበባውንስ ማን ያጠጣዋል ብላ የተጨነቀችው። ሁሉም ሰው በበሽተኛዋ ሲጠመድ እሷ ስለ ጠርሙሱ አሰበች። እንዲህ ያለ አርቆ አሳቢ በየቤቱ ይገኛል? አይገኝም። በበሽተኛዋ ፎጣ ጠቅልላ፣ እቅፍ አድርጋ፣ ደረጃውን ቀስ ብላ ወርዳ ወሰደችው። ታላቋ ከአልጋዋ ሆና ታያት ነበር። ፎጣው ግን ተመልሷል፣ ሐሜት አልወድም። ታጥቦ፣ ተተኩሶ ተመልሷል።

ታላቋ ከሞተች በኋላ ታናሿ እህት የወንድሟን ቤት ልትጠይቅ ሄደች። ታናሿ… በዕድሜ እኔን የምታክል ናት፤ ጉልበቷንም እንደኔው ያማታል። ገና ስትገባ ጠርሙሱ በሚያብረቀርቅ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አንገቱ ላይ ግን ክሩ የለም። የት ሄደ ብትል፣ አቧራ ይይዛል ተባለች። እውነት ነው፣ ክር አቧራ ይይዛል። ያቺ ሴት ንጽሕናዋ ሌላ ነው፤ ቤቷ ብትገቢ ያለፈ ሰው ኮቴ እንኳ አታገኚም። ታናሿ እጇን ልትታጠብ ስትገባ ክሩን የመታጠቢያው ጠርዝ ላይ አገኘችው። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሰረቀች በያት፣ ግድ የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አበባ የሚወዱ እመቤቶች ይሰበሰባሉ፣ ማኅበር አላቸው፣ ሰብሳቢም ጸሐፊም ያለው። እዚያ ቤት ይመጡና ማጉያ መነጽር ይዘው እየተፈራረቁ ጠርሙሱ ውስጥ ያያሉ። በከተማው ሌላ የለም ይላሉ። ከየት አገኘሽው ሲሏት የወንድም ሚስት ዓይኗን ሰበር ታደርግና ከእናቴ የወረስኩት ነው ትላቸዋለች። አየሽ ትሕትና? እኔ አሳደግኩት አላለችም እኮ፤ ለእናቷ ነው የሰጠችው። እናቷ ያን ያህል አበባ ወዳጅ መሆናቸውን ሰው ያወቀው ያኔ ነው። በሕይወት ሳሉ አበባ ያለበት ክፍል ሲገቡ ያስነጥሳቸው ነበር፤ ናፍቆት ይሆናላ፣ ምን ይታወቃል…

ካስኩን ትንሽ ቀንሺላት እስቲ። ፊቷ ቀላ። ሙቀት አትችልም እሷ።

የት ደረስኩ? አዎ። ታናሿ የልጅ ልጅ አለቻት። ልጅቷ ገና ተማሪ ሳለች ጀምራ፣ አያቴ፣ እኔም ስወጣ የኔን ይዤ እወጣለሁ ትል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቷን ልትጨርስ ነበር። ቅጠል ደግሞ ተተክሎ አበባ እስኪያሳይ ዓመት ሊሞላ ይደርሳል። ስለዚህ ታናሿ ጊዜ ቆጥራ፣ ቀደም ብላ፣ የወንድሟ ሚስት ዘንድ ሄደች። አንዲት ቅጠል ብላ። አንዲት፣ የጣት ጥፍር የምታክል።

የወንድም ሚስት እምቢ የምትል ሴት አይደለችም። እምቢ የሚለው ቃል ካፏ ወጥቶ አያውቅም። አሁን አብባለች፣ ከነካናት ትደነግጣለች አለቻት። ታናሿ ተመለሰች። ከሁለት ወር በኋላ ሄደች። አሁን አርፋለች፣ የደከመ አይቀሰቀስም አለቻት። ለአበባ እንዲህ የሚራራ ልብ… ታናሿ ሦስት ፎቅ ወጥታ እያለከለከች ነበር ይህን የሰማችው፤ ግን እሷ አበባ አይደለችም።

ሦስተኛ ጊዜ ሄደች። ሰው በአንዲት ቅጠል ሦስቴ ይለምናል? እኔ ብሆን… እንጃ፣ እኔም እለምን ነበር መሰለኝ። ያን ዕለት የወንድም ሚስት በደንብ አስተናገደቻት፤ ትራስ ሁሉ ከወገቧ አደረገችላት። ቅጠሉን ስታነሳባት ግን እጇን ያዝ አድርጋ እንዲህ አለቻት፦ «እህቴ፣ እሷ ከኔ እጅ ሌላ አይሆንላትም። ሰጥቼሽ ቢሞትብሽ በኔ ታዝኛለሽ።» ከዚያ ተነስታ ከመሳቢያ አንድ ነገር አወጣች። ፎቶ። የአበባዋ ፎቶ፣ በወርቃማ ክፈፍ። ይሄን ለልጅቷ ስጫት አለቻት። ይሄ ውሃም አይፈልግም።

ደግነት እንዴት ዓይነቱ አለ… የተራበ ሰው የምግብ ሥዕል ቢሰጡት ቢያንስ አይቆሽሽም።

ታናሿ ፎቶዋን ታቅፋ ስትወጣ በወጥ ቤቱ በኩል አለፈች። ዕቃ ማጠቢያው ጋ ትንሽ ሰሃን አለች፣ ጎኗ የጥፍር መቀስ። ሰሃኗ ላይ አንድ አረንጓዴ ነገር ተከትፎ ተቀምጧል፣ በሥነ ሥርዓት፣ እያንዳንዱ ለሦስት። ለሾርባ የተዘጋጀ መሰላት። ምን ዓይነት ቅጠል ነው ብላ ልትጠይቅ ነበር… አፈረች። ለምኖ የተመለሰ ሰው ስለ ሾርባ አይጠይቅም።

ደረጃውን ስትወርድ ጉልበቷ እምቢ አለ። ሁለተኛው ፎቅ መዞሪያ ላይ፣ ብርሃን በስሱ የሚያስገባው መስኮት ሥር፣ አንድ ትልቅ የአበባ ማሰሮ አለ፤ ቅጠለ ሰፊ ዛፍ የተተከለበት። ከሥሩ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ስላለ እንፋሎቱ ደረጃውን ይዞ ይወጣል፤ ያ መዞሪያ ሁልጊዜ ሙቅና እርጥብ ነው። ታናሿ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ፎቶዋን ጭኗ ላይ አደረገች። እንደ ሕፃን ልታለቅስ ምንም አልቀራትም ነበር አሉ። እንባዋን ለመደበቅ አንገቷን ወደ ማሰሮው ዘወር ስታደርግ…

ዛፉ ሥር ጆሮዎች። ጸጉራም፣ ትንንሽ፣ የአይጥ ጆሮ። አንድ ቦታ ሁለት፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ሁለት። መነጽሯን አውጥታ አየች። ፎቶውን አየች። ጆሮዎቹን አየች። ጎናቸው አፈር በግማሽ የለበሰ ቁራጭ ቅጠል አለ፣ በመቀስ የተቆረጠ፣ ለሦስት። ያኔ ሾርባው ገባት።

ታዲያ የወንድም ሚስት ምን ታድርግ? ቅጠሉ በየወሩ መቀነስ አለበት። ደጅ ብትጥለው አንድ ሰው አንስቶ ቢተክለውስ? ስለዚህ በየወሩ ቁጭ ብላ፣ በጥፍር መቀስ፣ እያንዳንዷን ለሦስት ትከትፋለች። ከዚያ ሰሃኗን ይዛ አንድ ፎቅ ትወርድና፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ ያ ማሰሮ ውስጥ በጣቷ እየጫረች ትቀብራለች። ሥራ አትንቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ። አንድ ነገር ብቻ ታላቋ አልነገረቻትም፤ ፋታ መች ሰጠቻትና። ያቺ ተክል ሙሉ ቅጠል አያስፈልጋትም። ጅማት ያለባት ቁራጭ እርጥብ አፈር ካገኘች ይበቃታል፤ ሥር ትሰዳለች። ቀበርኩ ብላ ስትተክል ነበር የከረመችው። ደረጃው ራሱ ጠርሙስ ሆነላቸው።

ይገርምሻል፣ ታላቋ አንዲት ቅጠል ለአንዲት ልጅ ነበር የምትሰጠው። የወንድም ሚስት ግን አንዷን ለሦስት… ከሁለቱ ለጋሷ ማናት?

ያቺ ታናሽ ታዲያ ምን አደረገች መሰለሽ፣ ከጸጉሯ ላይ የማስያዣውን ሽቦ መዘዘች። የጸጉር ሠሪዋ ሥራ እንደሆነ ፈረሰ። በሽቦው አፈሩን ዙሪያውን ፈልፍላ፣ ቀስ ብላ፣ አራቱንም አወጣች። በምን ትያዛቸው? የፎቶውን ክፈፍ ገለበጠችው፤ ጀርባው ጠርዝ አለው፣ ትንሽ ሰሃን ይመስላል። እዚያ ላይ ደርድራ፣ በመሐረቧ ሸፍና ወረደች። እና ፎቶ አይጠቅምም ይባላል?

ስምንት ወር ሆነው። አራቱም በየማርማላታ ጠርሙሳቸው፣ ጠጠራቸው ከሥር፣ ከሰላቸው ከላዩ፣ ልክ ታላቋ እንደምታደርገው። ባለፈው ሐሙስ የመጀመሪያዋ ቁልፍ ፈነዳች። ነጭ። ጠርዟ ወይን ጠጅ። ታናሿ አይታ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች፣ ቡናዋም ቀዘቀዘ። ከዚያ ከቦርሳዋ ክሩን አወጣች። አሥራ ሁለተኛዋን ቋጠሮ ቋጠረች።

አሁን ደግሞ ቢጎዲኑን ጠበቅ አድርጊው፣ ነገ ጸጉሬ እንዲቆም እፈልጋለሁ። አዎ፣ እዚህ ጋ።

አራቱ የት የት ገቡ ትዪኝ ይሆናል። አንደኛዋ ነገ ለምሳ ጠረጴዛው መሐል ላይ ትቀመጣለች አሉ፣ ክሯን አንገቷ ላይ አድርጋ፤ ከዚያ ከልጅቷ ጋር አውቶቡስ ትሳፈራለች። ሁለተኛዋ ታናሿ መስኮት ላይ ናት። ሦስተኛዋ ትናንት ለዚያ ለአበባ ወዳጆች ማኅበር ሰብሳቢ ደረሰች። ሰብሳቢዋ በከተማው ሌላ የለም አልነበረም ወይ ብላ ስትደነግጥ፣ ታናሿ አስቀምጣ ሁሉንም አጫወተቻት። ስለ ታላቋ፣ ስለ አሥራ አንዱ ልጆች። ስለ ወንድም ሚስት ክፉ ቃል አልተነፈሰችም፤ ለምን ትተነፍሳለች? ያባዛችልን እሷ ናት ነው ያለቻት፣ ከደረጃው ነው ያገኘሁት ብላ። ሰብሳቢዋ በጣም ነው የተነካችው። ነገ እኔም ልምጣ፣ እነዚያን እጆች በሰው ፊት ላመስግን ብላለች። ተጋብዛለች።

አራተኛዋ? ያን ቦርሳዬን አቀብዪኝ እስቲ። ቀስ… በደረቱ እንዳታደርጊው። ይኸው። ያቺ ታናሽ ናት አድርሺልኝ ያለችኝ፤ እኔ ምን አገባኝ፣ መልእክተኛ ነኝ። የጸጉር ሽቦው ያንቺ ነበር መሰለኝ፣ ድርሻ አለሽ። ጥጥሽን ሌላ ዕቃ ውስጥ አድርጊና ይቺን በዚያ ብርጭቆ ትከያት። ፀሐይ እንዳታገኛት፣ መስታወቱ ሲያልበው ክዳኑን ጣት ታህል ክፈቺ። ከታች የምትቀንሺውን ቅጠል ደግሞ ለጠየቀ ሁሉ ስጪ። ከፈለግሽ ለሦስት ክተፊው።

ካስኩ ቆመ አይደል? ደረቀች። ነይ ውጪ፣ የኔ እመቤት፣ ነይ እስቲ ልይሽ። መጽሔቱን ዘቅዝቀሽ ነው እኮ ያነበብሽው፣ ዓይንሽ አልደከመም? አምሮብሻል። ከልጅቷ ጋር እየተጫወትን አላስተዋልንሽም፤ የሌላ ሰው ቤት ወሬ ነው፣ ለጆሮሽ አይመጥንም። እጅሽን ብቻ ስጪኝ… እንዴት ያለ ንጹሕ እጅ ነው፣ ጥፍርሽ ሥር እንኳ አንዲት አፈር የለችም። እግዚአብሔር ይሄን እጅ ይባርክልኝ። ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ፣ ነገም በሰው ፊት ከፍ ያድርግሽ። በየደረጃው፣ በየጓዳው፣ ሰው ሳያይሽ የቀበርሽውን ሁሉ… አንድ ሳያስቀር ያብቅልልሽ።